ቅቤ የተቀባው አበባዬ

ዛሬ ጠዋት ድመታችን አበባዬን ስትልስ ደረስኩባት!

በጋዝ ጣሳ ተክዬ መስኮት ላይ ያኖርኩትን አበባ ነጫጭ ተባይ ከወረረው ሰነበተ።

አመድ ነሰነስኩበት፤ ምንም። የእንዶድ ውሃ ረጨሁበት፤ ሁለት ቀን ጠፍቶ ተመለሰ።

የወባ ረጪዎቹ ግድግዳውን ሁሉ ሲረጩ ብለምናቸው፣ «ለአበባ አልታዘዝንም» ብለውኝ ሄዱ።

ትናንት አክስቴ ከይፋግ መጡ። «እኔ ራሴን ቅማል ሲበላኝ ቅቤ አይደለም እንዴ የምቀባው?» ብለው ቅጠሉን አንድ በአንድ ለጋ ቅቤ ቀቡልኝ። ታላቅ ናቸው፣ ምን ልበል?

ድመቷ ቅቤውን ስትልስ ቅጠሉን ቦጫጭቃ ጨረሰችው። ተባዩ ግን ግንዱ ላይ በሰላም ተቀምጧል!

አክስቴ አይተው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ቅቤው አንሶት ነው።»

እናንተስ፣ አበባችሁ ላይ ምን ተቀብቶባችሁ ያውቃል? ቶሎ ንገሩኝ፤ አክስቴ እስከ እሑድ እዚሁ ናቸው።