ለዘንዶው ሽማግሌ የላክን ዕለት

ስልኬ ላይ የአርፒጂ ወዳጆች የተሰበሰቡበት አንድ ግሩፕ አለ። አርፒጂ ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፦ ራስህን ትተህ ሌላ ሰው ትሆናለህ፤ ቀስተኛ በለው፣ ሌባ በለው፣ ደብተራ በለው፤ ከዚያ ጓደኞችህን ይዘህ አገር ታቋርጣለህ፣ ትዋጋለህ፣ ካገኘኸው ሁሉ ጋር ታወራለህ፣ እያደርክም ትጠነክራለህ። ግሩፑ ውስጥ በየሳምንቱ አንዱ ብቅ ይልና «እሺ፣ ሰሞኑን ምን እየተጫወታችሁ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ይጎርፋል። አዲስ አበባ ያለው፣ ኮምፒውተሩ እንደ ወፍጮ የሚጮኸው ልጅ፣ አዲስ የወጣ ጨዋታ ላይ ሰፊ ዓለም በፈረስ እየዞረ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ፈረሱን ፎቶ እያነሳ ይለጥፋል። ሐዋሳ ያለችው ተራ በተራ የሚመቱበትን፣ ወሬው የማያልቀውን የጃፓን ጨዋታ እንደገና ጀምራለች፤ እዚያው የፊተኛው ቦታ ላይ እንደገና አልቅሳለች። አንዱ ደግሞ ዓሣ ማጥመድና ጎመን መትከል ብቻ ነው የሚወደው፤ «ዓለምን ለማዳን ጊዜ የለኝም» ይላል። እሱን በጣም እወደዋለሁ።

የእኔ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እኛ በቆርኪ ነው የምንጫወተው፤ በጣም ደስ ብሎናል።» ይስቃሉ። ይሳቁ።

ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ዳር ትንሽ ኮፒ ቤት አለችኝ። መጀመሪያ ላይ እኛም እንደ ሰው በኮምፒውተር ነበር የምንጫወተው፤ እሑድ ከሰዓት ሱቁን ገርበብ አድርገን፣ ለአራት አንድ ስክሪን ላይ ተደፍተን። አንድ እሑድ ግን ቀኑን ሙሉ የታገልነውን ግዙፍ አውሬ ልንጥለው አንድ ምት ሲቀረን መብራት ድርግም አለ። ከእኛ አንዱ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ክፍል ውስጥ ጥርሱን አይቶ የሚያውቅ ተማሪ የለም ይባላል። ጨለማው ስክሪን ላይ ትንሽ አፍጥጦ ቆየና «ከእንግዲህ መብራት ኃይል የማያጠፋው ጨዋታ ነው የምንጫወተው» አለ። በሚቀጥለው እሑድ በወረቀት የሚጫወቱትን ዓይነት ተምሮ መጣ። አንድ ሰው ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፣ ይሳካ አይሳካ የሚወስነው ዕጣ ነው። የሚፈልገው ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ እዚህ አገር ስለሌለ፣ ከአንድ እስከ ሃያ የተጻፈባቸው የለስላሳ ቆርኪዎች በዱቄት ወተት ጣሳ አድርጎ ሰጠን። ጣሳውን ነቅንቀህ አንዱን ታወጣለህ፤ ትልቅ ከወጣ ተሳካ፣ ትንሽ ከወጣ ወየው። አስተማሪው በቆርኪ ነገር ቀልድ አያውቅም። አንዴ ሦስት ቁጥር ወጥቶብኝ እጅጌዬ ውስጥ ልከተው ስል ያዘኝና የዚያን ቀን ጨዋታ እዚያው ላይ በተነው።

እሱ መሪያችን ነው፤ ንጉሡም፣ ሽፍታውም፣ ዝናቡም እሱ ነው። ከቡሬ በሚኒባስ የሚመጣው የጨርቅ ነጋዴ ጋሻ ያዣችን ነው፤ አባቱ በቡሬ እስላሙም ክርስቲያኑም ሲጣላ የሚጠራቸው የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ቅጠል በጣሽ ነኝ፤ ቁስለኛ አድናለሁ። ቀስተኛዋ ደግሞ ጓደኛዬ ናት፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀበሌው ጭቃ እየረገጠች ለገበሬ ስለ ዘር የምታስተምር የግብርና ባለሙያ፣ እሑድ ደግሞ የሚበር አሞራ ዐይኑን የማትስት። አጠገብ ለአጠገብ ተከራይተን ለዓመታት የኖርን፣ ከአንድ ድስት የበላን ጓደኛሞች ነን።

አጨዋወታችንን አዲስ አበቤው ቢያየው ራሱን ይይዛል። አስተማሪው ሀብት የተደበቀበት ዋሻ ሲያሳየን ዘለን አንገባም፤ «የማን ይዞታ ነው?» ብለን ባለቤቱን እናስፈልጋለን። የሽፍታ መንጋ ቢከበንም መጀመሪያ ሰላምታ አለ፤ «እንዴት ዋላችሁ? ከብቱ፣ ልጆቹ?» በዐቢይ ጾም ቀስተኛዋ ክፉኛ ቆስላ፣ የሚያድናት ቋንጣ ብቻ ሆኖ ሳለ ጓደኛዬ «እኔ እየጾምኩ እሷ ሥጋ አትበላም» ብላ ድርቅ አለች። ነጋዴው በረመዳን በዚሁ ነገር ስላስቸገረን ደግፏት ቆመ። አስተማሪው እየተነጫነጨ ቋንጣውን በበቆሎ እሸት ለወጠው።

ከዚያ ነው የአልጋው ነገር የመጣው።

አንድ ጠዋት ሱቄን ስከፍት አንዲት ጎረቤታችን ቆም አለችና «የጓደኛሽን አልጋ እኔ ልወስደው ነው፤ እንጨቱ ደህና ነው አይደል?» አለችኝ። ምን አልጋ? ለካ ጓደኛዬ ወደ ሽንዲ ተዛውራለች፤ በወረዳው የሰብል ቡድን መሪ ሆና። ቤት ተከራይታለች፣ ዕቃ እየሸጠች ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እኔ ግድግዳ የምጋራት አላውቅም። ንድድ አለኝ። «አልጋውንም ባለቤቲቱንም ውሰጃቸው!» አልኳት። ጎረቤቴ ደግሞ ወሬ የምታሳድር ሴት አይደለችም፤ ለምሳ እንኳ ሳልዘጋ ቃሌ ጓደኛዬ ጆሮ ደርሶ ነበር። ማታ በሩ ላይ ተላለፍን። እሷም ዝም፣ እኔም ዝም። በቃ፣ ተኮራረፍን።

ጎጃሜ ሲያኮርፍ እንዴት እንደሆነ ጎጃሜ ያውቀዋል። ቀድሞ አፉን የከፈተ ተሸነፈ። ግን እሑድ ሲደርስ ሁለታችንም ጨዋታው ላይ ተገኘን፤ ከጨዋታው ቀርቶ ኩርፊያን ማሳበቅ ደግሞ ከመናገር የባሰ ነው። እኔና እሷ ነን እንጂ የተጣላነው ቀስተኛዋና ቅጠል በጣሿ ምን አደረጉ? እናም ቀስተኛዋ በጎርናና ድምፅ «አንቺ ቅጠል በጣሽ፣ ትከሻዬን ወግተውኛል!» ትለኛለች፤ እኔም «ቀረብ በይ አንቺ ቀስተኛ» ብዬ ከሚያስፈልገው በላይ መድኃኒት አደርግላታለሁ። ጨዋታው ሲያልቅ ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች፣ እኔ ቆርኪ እለቅማለሁ። እውነቱን ለመናገር ናፍቃኝ ነበር። አጠገቤ ተቀምጣ ናፍቃኝ ነበር።

ሐሙስ ዕቃዋ ሊጫን ነው ተባለ። እሑድ የመጨረሻዋ ነበረች። በዚያች እሑድ ካልታረቅን ሽንዲ ትሄዳለች፣ እዚያ ሥራው ይውጣታል፣ እኔም ኮፒ ቤቴ ውስጥ ኩራቴን ታቅፌ እቀራለሁ። ይህን ሳስብ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ቅዳሴው አልሰማኝ አለ።

ከሰዓት ተሰበሰብን። አስተማሪው ወሩን ሙሉ ሲያዘጋጀው የነበረውን ፍልሚያ ይዞ መጥቷል። ከፊታችን አባይን የሚያህል ገደል አለ፣ በላዩ አሮጌ ድልድይ፣ ድልድዩ ላይ ሦስት መቶ ዓመት የኖረ ዘንዶ ተጋድሟል። ሳንገድለው አናልፍም። አስተማሪው እጁን እያፋተገ «ምን ታደርጋላችሁ?» አለ።

ነጋዴው አሰብ አደረገና «ሦስት መቶ ዓመቱ ነው ያልከው?» አለ።

«አዎ።»

«እንዴ፣ ትልቅ ሰው ነዋ! ወላሂ በትልቅ ሰው ላይ ጦር አልመዝም። ሽማግሌ ነው የምንልክ።»

«ዘንዶ ነው እኮ!» አለ አስተማሪው።

«ይሁና። ስንት ዘመን ድልድይ የጠበቁ ሰውዬ፣ በሽምግልና ሳይጠየቁ ሊገደሉ ነው?»

ቀስተኛዋም ተስማማች፣ እኔም ተስማማሁ። በእውነተኛው ኑሮ ሁለት ኮረዶችን ለሽምግልና ማን ይልካል? ጨዋታው ላይ ግን ሄድን። በማለዳ ደረስን፤ ነጋዴው ጋሻውን አስቀምጦ እኔንና ቀስተኛዋን ድንጋይ በትከሻችን አሸከመን፤ ለይቅርታ የሚሄድ ባዶ ትከሻውን አይሄድም ብሎ። ከፊቱ ቆምን። «እንዴት አደሩ፣ ጌታው?» አልነው። አስተማሪው ተስፋ ቆርጦ በዘንዶው ድምፅ «እግዚአብሔር ይመስገን። ተቀመጡ» አለን።

ነጋዴው ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ጨዋታው ውስጥ ብቻ አይደለም፣ ሱቄ ውስጥ በእውን። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ። ሽማግሌ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እኛም ተነሳን። ልናገር አፌን ልከፍት ስል ነጋዴው እጁን አነሳ።

«ቆይ። አንድ ነገር አለ። አባቴ እርስ በርሳቸው የተቀያየሙ ሽማግሌዎች ሲመጡበት ከበር ነው የሚመልስ። ራሳቸው ሳይታረቁ ማንን ያስታርቃሉ ይላል።»

«ቀስተኛዋና ቅጠል በጣሿ አልተጣሉም» አልኩ፣ ቶሎ።

«ዘንዶው የሚያየው እነሱን አይደለም» አለ ነጋዴው ቀስ ብሎ።

 ውጭ ጋሪ አለፈ። አስተማሪው ፍልሚያው እንደጠፋበት ያኔ የገባው መሰለኝ፤ ወረቀቱን አጠፈና በዘንዶው ድምፅ፣ ግን በጣም ዝግ አድርጎ «በመካከላችሁ ቂም አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ጓደኛዬ ከልማድ ጣሳው ውስጥ እጇን ሰደደች። ቆርኪዎቹ ተንኳኩ።

«ይህ በቆርኪ አይሆንም» አለ ዘንዶው።

እጇን አወጣች። ቀስተኛዋን ስትሆን የምታጎረንነው ድምፅ አልነበረም ቀጥሎ የሰማሁት፤ የራሷ፣ በግድግዳው በኩል «ጨው አለሽ?» የምትለኝ ድምፅ ነበር። «አትሂጂ ትይኛለሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ» አለችኝ።

«ብልሽስ?»

«ካልሽኝ እቀራለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። መሄድ ደግሞ እፈልጋለሁ።»

ሰሞኑን በሙሉ፣ ሱቅ ስከፍትም ስዘጋም፣ አፌ ውስጥ ስትመላለስ የነበረች ቃል ያቺው ነበረች፤ አትሂጂ። ቆማ እየጠበቀችኝ ነው። ዐይኔ ሞላ።

«አልልሽም» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ማን ማንን ቀድሞ እንዳቀፈ አላስታውስም። «አልጋውንም ባለቤቲቱንም» ያልኩትን አንስታ ወቀሰችኝ፤ እኔም ከጎረቤት መስማቴን አንስቼ ወቀስኳት፤ እያለቀስን ስንሞላቀቅ ነጋዴው «በሉ እንግዲህ፣ ወገቤ ተቆረጠ» ብሎ ተቀመጠ። ዘንዶው አልፋችሁ ሂዱ አለን። አስተማሪው ወሩን ሙሉ የለፋበትን ወረቀት እያየ «ክንፍ ነበረው እኮ፤ እሳትም ይተፋ ነበር» እያለ ሲቆጭ አመሸ። አሁንም ይቆጫል።

ሐሙስ ዕቃውን አብሬ ጫንኩ። ጎረቤታችን አልጋውን ወሰደች፤ ባለቤቲቱን ግን ሽንዲ ወሰዳት።

አሁን እሑድ እሑድ ስልኬን ስፒከር ላይ አድርጌ ከጣሳው ጎን አቆመዋለሁ፤ ቀስተኛዋ ከሽንዲ ትጫወታለች። ኔትወርኩ ሲያሰኘው ይቆረጣል፣ እሷም ቀስቷን እንደወጠረች እስክትመለስ እንጠብቃታለን። ቆርኪዋን የማወጣላት እኔ ነኝ፤ አስተማሪው አጠገቤ ተቀምጦ በዐይኑ እየጠበቀኝ።

ባለፈው እሑድ ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ዘወትር የምታጎረንነውን አላጎረነነችም። አዲስ ሰፈር፣ አዲስ ሥራ፣ ምሽቱን ብቻዋን መብላት፤ አልተናገረችም፣ እኔ ግን ስንት ዓመት ግድግዳ ተጋርቻታለሁ። ጨዋታው ውስጥ ከወንዝ ማዶ ተኩላ መጣ፤ ቀስቷን ወጥራ ለቀቀች። ጣሳውን ነቀነቅሁና አንድ ቆርኪ አወጣሁ።

«ስንት ወጣ?» አለች።

እጄ ላይ ያለው ሁለት ነበር። «ሃያ» አልኳት።

አስተማሪው ቆርኪውን አየ። እኔን አየ። ነጋዴው ወደ በሩ ዞረ። ከዚያ አስተማሪው ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ «ልክ ዐይኑ ላይ» አላት።