ማሽኑ ነው ወይስ ልጁ?

«ዱኤ? ልጄ ሞተ?» ብላ አንዲት ነፍሰ ጡር፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀለች፣ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። ዛሬ ጠዋት፣ እዚሁ መቱ፣ አዋላጅ ሆኜ በምሠራበት ክሊኒክ ነው።

ከዳሪሙ ወረዳ የመጣችው ፅንሷ ከትናንት ጀምሮ አልንቀሳቀስ ቢላት ነው። የፅንስ ልብ ምት የምናዳምጥበት ኮምፒውተር ደግሞ ሳንጠይቀው ራሱን አፕዴት አድርጎ ጠበቀን። የድምፁ መክፈቻ ምልክት የድሮ ቦታው ላይ የለም። (መልኩ ግን አምሮበታል!)

ዝም ያለው ማሽኑ ይሁን ልጁ አላወቅኩም። «ማሽኑ ነው እህቴ» አልኳት።

ያየሁትን ሁሉ ስነካካ አንድ ጥግ የተሸጎጠ ምልክት ተከፈተና ክፍሉ በልብ ምት ተሞላ። እሷ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እኔ ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ነገ ዝም ያለው ማሽኑ ባይሆንስ?

እናንተንስ ሳትጠይቁት የታደሰ ኮምፒውተር እንዲህ አስደንግጧችሁ ያውቃል? እስኪ ንገሩኝ።