ያልታደሰው ገጽ

ጁባ በምሠራበት የእርዳታ ድርጅት የሳምንቱን በረራ ተሳፋሪዎች ዝርዝር የሚያዘጋጀውን የኤክሴል ማክሮ፣ ማለትም ሥራውን በራሱ የሚያከናውን ትንሽ ፕሮግራም፣ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሲሠራ ገጹ እየተርገበገበ ዓይኔን ስላስቸገረኝ፣ መጀመሪያው ላይ ገጹ እንዳይታደስ የሚከለክል፣ መጨረሻው ላይ መልሶ የሚፈቅድ ትእዛዝ አስገባሁ። መካከል ላይ ስሕተት ቢያቆመው ሁለተኛው ትእዛዝ ሳይፈጸም፣ ገጹም የድሮውን እንዳሳየ እንደሚቀር አላሰብሁም።

አንድ ማለዳ ኒምራ ታላታ በሚባለው የጁባ ሠፈር የምትኖር ባልደረባዬ መጣች። ጋምቤላ ስላደገች የምንነጋገረው በአማርኛ ነው። እናቷ በአውሮፕላን በሚደረስባት በማላካል ከተማ በጠና ታመው ነበር።

"ጋሼ፣ ስሜን ይዩልኝ። ለዛሬው የማላካል በረራ ተመዝግቤያለሁ።"

ማክሮው አዲሱን ዝርዝር አዘጋጅቶና አትሞ ካስቀመጠ በኋላ ስሕተት አቁሞት ስለነበር፣ ገጹ ላይ ቆሞ የቀረው ያለፈው ሳምንት ዝርዝር ነበር፤ እኔ የዛሬው መሰለኝ።

"የለሽም" አልኋት።

"ኮምፒውተሩም እንደ እርስዎ ዝምተኛ ሆነ? እስኪ ደግመው ይጠይቁት" ብላ ተቀመጠች።

ስፈልግ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ ስልኳ ጮኸ። የአውሮፕላን ማረፊያው ሠራተኛ በወረቀት ከታተመው ዝርዝር ስሟን ሦስት ጊዜ ጠርቶ ስላጣት አውሮፕላኑ መነሣቱን ነገራት። ኤክሴልን ዘግቼ ስከፍተው ስሟ አራተኛው ረድፍ ላይ ተጽፎ አየሁት።

ይቅርታ መጠየቅ ይገባኝ ነበር። ግን ምንም አልተሰማኝም።

"ለሚመጣው ሳምንት ልመዝግብሽ?" አልሁ።

"እናቴ እስከዚያ ከቆየችልኝ" አለች።

ስሟን ጻፍሁ። ወንበሯን ትታ ከኋላዬ መጥታ ቆመች፤ በገዛ ዓይኗ እስክታየው ድረስም አልሄደችም።