ለራይ ውስኪ አራት ከአሥር

እኔ ውስኪ አልወድም። ይህችን ለመናገር ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ስቶክሆልም በገባሁ በመጀመሪያው ቅዳሜ የባለቤቴ አጎት አንድ መለኪያ ቀድተው «እስቲ እውነቱን ፍረድ» ሲሉኝ፣ ጉሮሮዬ እየነደደ «ግሩም ነው፣ ጋሼ!» አልኳቸው። ምን ልበል? በሰው ቤት፣ ሻንጣዬን እንኳ ሳልፈታ! ይሉኝታ የማያሠራው ጉድ የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጠጥ አዋቂ አማች የመጣላቸው መሰላቸው፤ እኔም አዋቂ ሆኜ ቀረሁ።

ጋሼ ሚስታቸውን ከቀበሩ፣ ጡረታም ከወጡ ቆይተዋል። ሄሰልቢ፣ የአረንጓዴው መስመር ባቡር ከሚያልቅበት ሰፈር፣ ካላቸው ሁለት ክፍል አንዱን ለእኛ ሰጥተውናል። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከራቫታቸውን አስረው፣ ሁለት መለኪያ ደርድረው ይጠብቁኛል። ቀምሰን ከአሥር ነጥብ እንሰጣለን። የእሳቸው ነጥብ ከፍም ዝቅም ይላል፤ የእኔ ምን ቢቀዳ ዘጠኝ ነው።

የዚያን ቅዳሜ ግን ጉዳዩ ሌላ ነበር። ሚሌኒየማችን ሊከበር ጥቂት ወራት ቀርተውታል፤ ባለቤቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እኔ ከሄሰልቢ ተነሥቼ፣ ከስቶክሆልም ውጭ ሶደርተልየ ከተማ ወደምሠራበት ፋብሪካ ስመላለስ ዕድሜዬ ባቡር ላይ ሊያልቅ ነው። ስንት ዘመን ወረፋ ጠብቀን እዚያው ሶደርተልየ ቤት ደረሰን። እስከ ሰኞ ጠዋት መልስ ካልሰጠን ለቀጣዩ ተረኛ ያልፋል። ባለቤቴ ደግሞ «እዚህ አገር አምጥተው ያሳደጉኝን ሰው ሳልነግር፣ ሳይመርቁኝ ኮንትራክት አልፈርምም» ብላለች። ጠዋት ሶልና ሆስፒታል ለሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ «አብረሃቸው የምትጠጣው አንተ ነህ፤ አንተው ንገራቸው። ስመለስ ሰምተው ላግኛቸው» አለችኝ።

«እሺ» አልኩ። እሺ ማለት መቼ ቸግሮኝ ያውቃል!

ጋሼ የከፈቱት ጠርሙስ አሜሪካዊ ነው፤ ራይ የሚሉት፣ እዚህ አገር ጥቁሩ ዳቦ ከሚጋገርበት እህል የሚጠመቅ። «ርካሽ ነው» አሉኝ፣ «ግን ርካሽ ሁሉ መናኛ አይደለም።» አሸተቱት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አንዴ ጎንጨት አሉ። «ቅርንፉድ አለበት... ትንሽ የብርቱካን ልጣጭ። መጨረሻ ላይ ቁንዶ በርበሬው ምላስ ላይ ይቀራል። የስኮትላንዱ ጭስ ጭስ ይላል፤ ይሄ እህል እህል ነው የሚለው። ጉድለቱ ሌላው ጣዕም ቶሎ መጥፋቱ ነው። ለዋጋው ሰባት እሰጠዋለሁ። አንተስ?»

መለኪያውን ይዤ ስለ ቤቱ የምጀምርበት ቃል እፈልጋለሁ። በሩ ቅርብ ነው፣ መስኮቱም ሰፊ ነው፤ ክፍሉ ግን ጠበበኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት...»

«ቆይ! መጀመሪያ ፍርዱን። እውነቱን!»

ቀመስኩ። በትንሿ እውነት ልጀምር፣ ትልቋ ትከተላለች ብዬ አሰብኩ።

«አራት» አልኩ። «አፍ ላይ ጣፋጭ ይመስልና ወዲያው እንዳረረ ዳቦ ቅርፊት ያንቃል። ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ፣ እኔ ውስኪ ወድጄ አላውቅም።»

መለኪያቸውን አስቀመጡ። ይቆጣሉ ስል እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አንተ ሌባ! ሦስት ዓመት ዘጠኝ፣ ዘጠኝ እያልክ ስትዋሸኝ አላወቅኩም መሰለህ? መቼ ይሆን የሚደፍረው እያልኩ ነው የጠበቅኩህ።» ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ። «አሁን ገና ልጄ ሆንክ። እንግዲህ በዚህ ቤት መደባበቅ የለም።»

ልጄ ብለው የሳሙኝን ሰው በምን አንደበት «ጥለንዎት ልንሄድ ነው» ልበላቸው? «በሞቴ» እያሉ ደግመው ቀዱልኝ፤ ጠጣሁ። ስለ ጥንት ጓደኞቻቸው አጫወቱኝ፤ ሳቅሁ። በየወሬው መሀል አሁን እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ወሬው ያልቃል፣ ሌላ ይጀምራሉ። ራሴን ጠላሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባለቤቴ ገባች። ኮቷን ሳታወልቅ ፊቴን አየችው፤ እንዳልነገርኳቸው ገባት። ከአጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች።

«ጋሼ፣ ሶደርተልየ ቤት ደርሶናል። እስከ ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ። እርስዎ ሳይመርቁን አዎ አልልም።»

ሳቃቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። «እሰይ፣ የኔ ልጅ! በሰላም ተገላገይበት፣ የልጅ ድምፅ የሚሰማበት ቤት ያድርግላችሁ» ብለው እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው መረቋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ እኔ በየቅዳሜው እውነቱን ንገረኝ የምልህ፣ ለውስኪው ብዬ መሰለህ?»