ውሃው ገና ጥሬ ነው

ታላቅ ወንድሜ አዳማ ባለው ቤታቸው አዲስ የዓሣ ማሳደጊያ መስታወት ውሃ ሲሞሉ፣ ዓሣ ሳይጨምሩ ሳምንታት ያቆዩት ነበር። «ጋሼ፣ ባዶ ውሃ ነው እንዴ የምናሳድገው?» ስላቸው፣ «ውሃው ገና ጥሬ ነው፣ አንተ ችኩል» ይሉኛል። የሚያበስለው በውሃ ማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ያደረው እድፍ ነው ብለው ስፖንጁን ማንንም አያስነኩም።

ከሁሩታ ለለቅሶ የመጡ ዘመዶቻችን ቤት ሲያጸዱ ስፖንጁን በሳሙና አጥበው አሰጡት። ደግነት ነው፣ ምን ይባላል። ውሃው ተበላሽቶ ዓሦቹ ይሞቱ ጀመር። የተረፉትን ባልዲ ውስጥ አድርጌ መስታወቱን እንደ አዲስ ሞላሁ። በየጠዋቱ ውሃውን በብልቃጥ ቀድቼ የመመርመሪያውን ፈሳሽ ጠብ አደርግበታለሁ፤ ቢጫ ከሆነ ደርሷል ማለት ነው። እሱ ግን እምቢ ብሎ አረንጓዴ ይሆናል። ትናንት ባልዲው ውስጥ አንድ ሞተብኝ።

ዛሬም አረንጓዴ ሲሆን ተናድጄ፣ «ጋሼ፣ ምን ይሻላል?» እያልኩ ብልቃጡን ይዤ ክፍላቸው ገባሁ። አልጋቸው ከለቅሶው ወዲህ እንደተነጠፈ ነው።