የሦስት ድንጋዮች ምርመራ

ፅጌረዳ አሰላ ሆስፒታል ከተመደበች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ሰው ግን ዶክተር ይላታል። በእነዚህ ዓመታት ሰባት ቤት ተከራይታለች፤ በሰባቱም ሽንኩርት የከተፈችው ትሪ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነበር። ዘንድሮ የራሷ ቤት ሲያልቅ፣ የኩሽናውን የመሥሪያ መደብ ድንጋይ ሌላ ሰው እንዲመርጥላት አልፈለገችም። አንዴ ተቆርጦ ከተገጠመ መመለሻ የለውም።

ባሏ እንደሻው የእብነ በረድ ወዳጅ ነው። "እግዜር የሠራው እያለ ፋብሪካ የሠራው ምን ይባላል?" ይላል።

ድንጋይ የሚሸጥላቸው ባለሱቅ ሰላሁዲን፣ የአርቦዬ ከተማ ልጅ፣ ኳርትዝን አወድሶ አይጠግብም። "የድንጋይ ዱቄት ከሙጫ ጋር ተጨምቆ የተሠራ ነው፣ ዶክተር። ምንም አይመጥም። ወላሂ!"

"ወላሂውን ተወውና ቁራጭ ስጠኝ" አለችው።

ከእብነ በረድ፣ ከግራናይትና ከኳርትዝ አንዳንድ ቁራጭ ይዛ ሄደች። እሁድ ጠዋት በረንዳ ላይ ደርድራ፣ ፕላስተር ለጥፋ ቁጥር ጻፈችባቸው። ከዚያ ሎሚ፣ እርድና የቁሌት ዘይት ጠብ ጠብ አድርጋ ሰዓት ያዘች።

እንደሻው ጋቢውን ተከናንቦ እንደ ታካሚ አጠገቧ ተቀመጠ። "ውጤቱ መቼ ይደርሳል? ነገ ልመለስ?"

"ተራህን ጠብቅ።"

ከሰዓት በኋላ ስታጥባቸው፣ እብነ በረዱ ሎሚው በነካው ቦታ ወዙ ጠፍቶ ሻክሯል። ግራጫው ግራናይት ዘይቱን ጠጥቶ ጠቁሯል። ኳርትዙ በሳሙና ሲታሽ ጥርት አለ።

"ወይ እብነ በረዴ!" አለ እንደሻው።

ፅጌረዳ ግን ራሷን ታውቃለች፤ ወጥ ስታወርድ ድስቱን እጇ ወዳመራት ነው የምታሳርፈው። የሚንተከተከውን ድስት ከእሳት አንስታ በየተራ አስቀመጠችባቸው። ሁለቱ ቻሉት። ኳርትዙ ላይ ቢጫ ቀለበት ቀረ፤ ብታሸው፣ ብትፈትገው አልለቅ አለ።

በማግስቱ ሰላሁዲን ኩሽናውን ሊለካ ሲመጣ ቀለበቱን አሳየችው።

"ሙጫው ነው፣ ትኩስ ነገር አይወድም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከድስቱ ሥር ማረፊያ ያደርጉለታል።"

"ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?"

"አልጠየቁኝማ!"

"እንግዳ ቤቱን ሞልቶት ማን ማረፊያ ያስታውሳል?" አለችና ምድጃው የሚቆምበትን ቦታ ትክ ብላ አየች። "እንግዲህ ጻፍ። ከምድጃው ግራና ቀኝ ጥቁር ግራናይት፤ ዘይት ቢጠጣም አያሳብቅም። የቀረው በሙሉ ኳርትዝ።"

"ያ ረቢ! ሁለት ዓይነት? ያየ ሁሉ ድንጋይ አልቆባቸው ነው ይላል። እኔንም ያሳጡኛል፣ ዶክተር።"

"እንደዚያ የሚለው ሰው መጥቶ ድስቱን ያውርድልኝ።"

ሰላሁዲን ሳቁ እያመለጠው ሜትሩን ዘረጋ፤ እንደሻውም ጫፉን ያዘለት።