የእሜቴ ማሽንና የባሏ ገንዳ

ፋብሪካው ውስጥ «እሜቴ» የሚሏት ሴት የቀለጠ አሉሚኒየም ቅርጽ የሚያስይዘውን ማሽኗን ሰው ሲነካባት አትወድም። ባሏ እዚያው አዳራሽ ጥግ ላይ ነው። እሷ የምታወጣውን የፓምፕ ክዳን አየር እየሞላ ውሃ ገንዳ ውስጥ ይነክራል። አረፋ ካወጣ ክዳኑ ቀዳዳ አለው ማለት ነው፤ ተመልሶ ይቀልጣል።

ሰሞኑን አረፋው በዛ። ፎርማኑም ቁርጡን ነገራት፦ «ነገም ክዳኑ ካፈሰሰ፣ ከነገ ወዲያ ጀምሮ ማሽኑን ትተሽ ሞረድ ክፍል ነሽ።»

በማግስቱ ቁርስ ላይ ባሏን አፋጠጠችው።

«አንተ ሰውዬ፣ አንዳንዱን እንዳላየ ብታልፈው ምን ነበረበት?»

«እኔ ባልፈው ውሃው ያልፈዋል እንዴ?»

ኩርፍ እንዳለች ሥራ ገባች። ማሽኗን ከሥሩ ጀምራ ፈተሸች። የቀለጠው አሉሚኒየም ተጨልፎ ብረት ቱቦ ውስጥ ሲገባ፣ ፒስተኑ በመጀመሪያ ቀስ ብሎ ይገፋዋል፤ አየሩ ቀድሞ እንዲወጣ ነው። ከዚያ ባንዴ ወደ ቅርጽ ማውጫው ይወረውረዋል። የተዘጋው ቅርጽ ማውጫም በዓይን ጥቅሻ ይሞላል፤ ፒስተኑም አሉሚኒየሙ እስኪጠና ድረስ በኃይል ጨምቆ ይይዘዋል። ፒስተኑ ደህና ነው። የአየር መውጫዎቹም ንጹህ ናቸው።

ቀረ የራሷ እጅ። በቀደም አንድ ክዳን ተጣብቆባት ስትፈለቅቅ ውላ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዳይደገም ብላ፣ በውሃ የተበረዘውን ቅባት ቅርጽ ማውጫው ላይ ሳትሰስት ትረጫለች። አሁን ጎንበስ ብላ ብታይ ጥጉ ላይ ውሃ አቁሯል። የቀለጠው አሉሚኒየም ሲያገኘው እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱም መውጫ ሲያጣ ክዳኑ ውስጥ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል።

«ወይ ጉዴ! ለካ ውሃ ሳፈላ ነው የምውለው!»

ቅባቱን ስስ አድርጋ ረጨች፤ እርጥበቱ እስኪጠፋ በአየር አናፈሰችው። ይጣበቅ ይሆን? ቅርጽ ማውጫው ተከፈተ። ክዳኑ ዱብ አለ።

ማሽኑ እስኪሞቅ የወጡትን የመጀመሪያዎቹን ጣለችና የሚቀጥለውን ራሷ ይዛ ወደ ገንዳው ሄደች። ባሏ ነከረው። አረፋ ብቅ አለ።

«አለቀልኝ!»

«ቆይ፣ ከጓንቴ ነው» አለና ጓንቱን ጨመቀው። ደግሞ ነከረው። ውሃው ጭጭ አለ። ቀጥላ ያመጣቻቸው ሁለቱም እንዲሁ።

ፎርማኑ መጥቶ ገንዳውን አጎንብሶ አየ። «በይ ሂጂ ማሽንሽ ጋ፣ ምን ትገተሪያለሽ?» አላትና ሄደ።

«ታረቅን?» አለ ባሏ።

«ገና ሙሉ ቀን አለ። አንተ ንከር!» አለችው፤ ግን እየሳቀች ነበር።